ሰዓት የሚቆጥረው ዓይን፦ ከንጋት እስከ ሌሊት በመርካቶ

መርካቶን ለማየት የሚመረጠው ሰዓት ሌሊቱ 10 ሰዓት ነው። ቀን የመጣ ሰው ግፊያዋን ያያል፤ ሌሊት የመጣ ግን አነሳሷን ያያል። ጎጃም በረንዳ አልጋ ይዤ ያደርኩት ለዚሁ ነው። ሰሞኑን የማነበው ስለ ዓይን ነበር፤ ይልቁንም ከማየት ጋር ግንኙነት ስለሌለው የዓይን ሥራ። በዓይናችን ውስጥ መልክና ቅርጽ ለመለየት ሳይሆን መንጋትና መምሸቱን ለአንጎል ለመንገር የተቀመጠ ፕሮቲን አለ፤ ስሙ ሜላኖፕሲን ነው። ብርሃንና ሥራ፣ ጨለማና ሥራ እንዲህ ተጋፍተው የሚውሉበት ሌላ ሰፈር በአገራችን ስለማላውቅ ያነበብኩትን ይዤ መርካቶ ወዳለችበት አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ገባሁ። ገብቼም በፍቅር ወደቅሁ።

አውቶቡስ ተራ፣ ገና ሳይነጋ

በዚያ ሰዓት አውቶቡስ ተራ ሞልቷል። ረዳቶች የየመንገዳቸውን ስም እየጠሩ ይጮኻሉ፤ ጫኝና አውራጁ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ሸራ ይወጥራል፤ መንገደኛው ጋቢውን እስከ አፍንጫው ስቦ ሻንጣው ላይ ተቀምጧል። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ መሆኗ የሚታወቀው ይኼኔ ነው። ፔርሙስ ደርድረው ሻይና ቦምቦሊኖ ከሚሸጡ እናት ፊት ቁጢጥ ብዬ ሌሊት ማን እንደሚቀሰቅሳቸው ጠየቅኋቸው።

«ማን ይቀሰቅሰኛል ልጄ! ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ዓይኔ ራሱ ይገለጣል። እሑድ እንኳ ልተኛ ብል እምቢ ይለኛል።»

ይኼ እሑድን የማያውቅ ቀስቃሽ አድራሻ አለው። ከሁለቱ ዓይኖች የሚመጡት ነርቮች ከሚሻገሩበት ቦታ በላይ፣ አንጎል ሥር፣ 20,000 ያህል የነርቭ ሴሎች ተሰብስበው ይኖራሉ። የሰውነት ዋና ሰዓት እነሱ ናቸው። በእያንዳንዱ ሴል ውስጥ ጂኖች ፕሮቲን ያሠራሉ፤ ፕሮቲኑ እየተጠራቀመ ሄዶ የወለደውን ጂን ራሱን ያስቆመዋል፤ ከዚያ ይፈርሳል፤ ሲያልቅ ጂኑ እንደገና ይነሣል። ይህ ዙር አንድ ቀን ገደማ ይፈጃል። ጄፍሪ ሆል፣ ማይክል ሮስባሽና ማይክል ያንግ ዙሩን በትንሿ የፍራፍሬ ዝንብ ላይ ፈትተው በ2017 እ.ኤ.አ. የሕክምና ኖቤል ተሸልመዋል።

«ገደማ» ያልኩት ግን ለነገር ነው። ቻርልስ ሳይዝለርና ባልደረቦቹ በ1999 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ የቀኑንና የሌሊቱን ምልክት የተነፈገ ሰው ውስጣዊ ሰዓት በአማካይ 24 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ይሄዳል። በየቀኑ 11 ደቂቃ የሚዘገይ ሰዓት ሳይስተካከል ቢቀር በ10 ቀን ውስጥ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ስሕተት ያጠራቅማል፤ ሻይ የሚሸጡት እናትም አውቶቡሶቹ ከሄዱ በኋላ ይደርሱ ነበር። እንግዲህ በየዕለቱ የሚያስተካክለው ማነው?

ወደ መሳለሚያ ስሻገር የመልሱን ከፊል በቅርጫት ተጭኖ ሲያልፍ አገኘሁት። ለገበያ የመጡ አውራ ዶሮዎች ሰማዩ ገና ድፍን ጥቁር ሳለ ይጮኻሉ። በጃፓን የናጎያ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተመራማሪዎች በ2013 እ.ኤ.አ. እንዳረጋገጡት፣ አውራ ዶሮ ንጋትን አይቶ ሳይሆን ከውስጥ ሰዓቱ ቀድሞ አውቆ ይጮኻል፤ ደብዛዛ ብርሃን ብቻ ባለበት ዝግ ክፍል ውስጥ ቢያስቀምጡትም ሰዓቱን አይስትም። ወፎች ከዓይናቸው ሌላ በአንጎላቸው ውስጥ ብርሃን የሚያውቁ ሴሎች አሏቸው፤ ብርሃኑ የራስ ቅላቸውን አልፎ ይደርስላቸዋል። እኛ አጥቢዎች ይህን ዕድል አጥተናል። የአንጎላችን ሰዓት የሚስተካከለው በዓይን በኩል ብቻ ነው።

አንዋርና ራጉኤል

ሰማዩ ከምሥራቅ መግጠጥ ሲጀምር አንዋር መስጊድና ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጎን ለጎን በቆሙበት መንገድ ላይ ነበርኩ። ከዚህ የሚበልጥ የንጋት ሰገነት በአዲስ አበባ አላገኘሁም። ከአንዱ ወገን የሱብሂ ሰጋጆች ይወጣሉ፤ ከሌላው ወገን ነጠላ ያጣፉ ኪዳን አስደራሾች ይገባሉ። ጧፍ ሻጮች መንገዱን ይዘዋል። ጣሊያን በወረራው ዘመን ገበያውን ከአራዳ ጊዮርጊስ ነቅሎ ወደዚህ ካመጣው ወዲህ ይህ መንገድ የንጋት ሕዝብ ተለይቶት አያውቅም።

በራጉኤል በር ግንብ ተደግፈው ከተቀመጡት መካከል ዓይናቸው የጠፋ አንድ አባት አሉ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ገና ፀሐይዋ ሳትወጣ ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አዞሩ።

«አባቴ፣ መንጋቱን በምን ያውቁታል?»

«ያስታውቃላ» አሉኝ። «ደወሉ አለ፣ አዛኑ አለ፣ ብርዱ አለ። ደግሞ ሌላም አለ። ምን እንደሆነ ግን ልነግርህ አልችልም።»

«ሌላውን» ለማግኘት ሳይንስ የሄደው በአይጥ ዓይን በኩል ነው። ራስል ፎስተር የተባለ እንግሊዛዊ በ1991 እ.ኤ.አ. ዓይናቸው በውርስ በሽታ የታወረ አይጦችን መረመረ። አይጦቹ ምንም አያዩም፤ ሰዓታቸው ግን ልክ እንደሚያዩት አይጦች በብርሃን ይስተካከላል። በ1999 ደግሞ ብርሃን ተቀባይ የሚባሉት ሁለቱ የዓይን ሴሎች፣ ማለትም ለጨለማ የሚያገለግሉት ዘንጎችና ቀለም የሚለዩት ሾጣጣዎች፣ ፈጽሞ የሌሏቸው አይጦች ተሞከሩ። አሁንም ሰዓቱ ተስተካከለ። ዓይኑ ሲወጣ ግን መስተካከሉ ቆመ። በዓይን ውስጥ ከ150 ዓመት በላይ ሲመረመር ያልታየ ሦስተኛ ዓይነት ብርሃን ተቀባይ መኖር ነበረበት። ብዙ የዓይን ሊቃውንት በወቅቱ አላመኑትም።

ፕሮቲኑ የተገኘው ባልታሰበ ቦታ፣ በእንቁራሪት ቆዳ ላይ ነው። ኢግናሲዮ ፕሮቬንሲዮና ባልደረቦቹ የአፍሪካ ጥፍራም እንቁራሪት የቆዳ ሴሎች ብርሃን ሲነካቸው ለምን ቀለማቸው እንደሚለዋወጥ ሲያጠኑ በ1998 እ.ኤ.አ. ሜላኖፕሲንን አገኙ፤ በ2000 ይኸው ፕሮቲን በአይጥና በሰው ዓይን ውስጠኛ ሽፋን ላይ መኖሩን አሳዩ። በ2002 ዴቪድ በርሰንና ትውልደ ዮርዳኖሱ ሳመር ሐታር፣ ከየቡድናቸው ጋር፣ ፕሮቲኑን የያዙት ሴሎች የማንንም እርዳታ ሳይጠብቁ ራሳቸው ብርሃንን እንደሚሰሙና ክራቸውን እስከ አንጎሉ ሰዓት ድረስ እንደሚዘረጉ አረጋገጡ።

ይህ ለዓይነ ስውራን የሚናገረው ነገር አለ። ሳይዝለር በ1995 እ.ኤ.አ. ከመረመራቸው 11 ዓይነ ስውራን በሦስቱ ላይ ደማቅ ብርሃን ሜላቶኒን የተባለውን የሌሊት ሆርሞን ቀንሷል፤ አንዳቸውም ግን ብርሃኑን አላዩም። በ2007 ደግሞ ማየት የተሳናት የ87 ዓመት ሴት ሰማያዊ ብርሃን ሲበራና ሲጠፋ ለይታ ተናግራለች። ነገሩ የሚወሰነው ዓይኑ በምን እንደጠፋ ነው። በ1998 ዓ.ም. ገደማ በአገራችን በተካሄደው ብሔራዊ የዓይን ጥናት ከመቶ ሰው 1.6ቱ ዓይነ ስውር ሲሆኑ፣ ግማሽ ያህሉን ያሳወረው የዓይን ሞራ ነው። ሞራ የውስጡን ሽፋን አይነካም፤ ብርሃኑን፣ በተለይም ሰማያዊውን፣ ከመንገድ ላይ ያስቀረዋል። ስለዚህ ሞራ የተገፈፈለት ሰው የሚመለስለት የልጁ መልክ ብቻ አይደለም፤ ለውስጥ ሰዓቱም ተጨማሪ ብርሃን ይገባለታል።

እህል በረንዳ

ጠዋት 1 ሰዓት ላይ እህል በረንዳ ገበያው ደርቷል። የጤፍ አቧራ በፀሐይዋ ጨረር ውስጥ ይንሳፈፋል፤ ነጭ፣ ሰርገኛ፣ ቀይ እየተባለ ጆንያው ይደረደራል፤ አህዮች ተጭነው በጠባብ መንገድ ሲያልፉ «ጎንህን! ጎንህን!» የሚለው ጩኸት አይቋረጥም። እኔም ጎኔን እያዳንኩ ሚዛኑ አጠገብ ቆምኩ።

ዓይንን እንደ አንድ እህል ነጋዴ ሱቅ አስቡት። ገዢው እህሉን ይዘግናል፣ ያሸታል፣ ጥራቱን ይለያል። ሚዛን ላይ የቆመው ልጅ ግን ጤፍ ይሁን ባቄላ አያገባውም፤ ስንት ኪሎ እንደሆነ ብቻ አንብቦ ይጮኻል። ሜላኖፕሲን የያዙት ሴሎች እንደ ሚዛኑ ልጅ ናቸው። ከዓይን ወደ አንጎል መልእክት ከሚያደርሱት ሴሎች ከመቶ አንድ ቢሆኑ ነው። መልክ አያዩም፤ የብርሃኑን ብዛት ይደምራሉ። ዝግተኞችም ናቸው፤ ለመብረቅ ብልጭታ ብዙ ግድ የላቸውም፤ ለረጅም ጊዜ ለሚቆይ ብርሃን ግን ሳይደክሙ ያለማቋረጥ መልስ ይሰጣሉ።

አሠራራቸው ድንቅ ነው። በፕሮቲኑ እምብርት ከቫይታሚን ኤ የምትሠራ አንዲት ትንሽ ሞለኪውል ተጣጥፋ ተቀምጣለች። ብርሃን ሲነካት ትዘረጋለች፤ ስትዘረጋ ፕሮቲኑ ቅርጹን ይለውጣል፤ በዚህ ምክንያት በሴሉ ግድግዳ ላይ ያሉ በሮች ተከፍተው የኤሌክትሪክ ምልክት ወደ አንጎሉ ሰዓት ይሮጣል። እዚያ ሲደርስ የሰዓቱን ጂኖች ይቀሰቅስና ዙሩን ወደፊት ወይም ወደኋላ ይገፋዋል። ማለዳ የገባ ብርሃን ሰዓቱን ያስቀድመዋል፤ በምሽት የገባ ያዘገየዋል። የእኛ ሰዓት በተፈጥሮው የሚዘገይ ስለሆነ በጣም የሚያስፈልገን የማለዳው ነው።

ከጆንያዎቹ ሥር አንዲት አይጥ ብቅ ብላ ብርሃኑን ስታይ ተመልሳ ገባች። እኔ በዚያው ብርሃን ነቅቻለሁ፤ እሷ በዚያው ብርሃን ለመተኛት ሄደች። ሁለታችንም በዓይናችን የያዝነው ፕሮቲን አንድ ነው፤ የሚናገረውም አንድ ቃል ነው፤ «ነግቷል» ይላል። በነጋ ጊዜ ምን መደረግ እንዳለበት የሚወስነው የየእንስሳው አንጎል ነው። በመካከለኛው ምሥራቅ ዓይኖቹ በቆዳ የተሸፈኑ ዕውር ፍልፈል አለ፤ ከማየት ተሰናብቶ ሜላኖፕሲንን ግን አልተወም። ማየትን ትቶ ሰዓትን የያዘ ፍጡር ሰዓት ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ይመሰክራል።

እዚሁ ሚዛን አጠገብ ከሁሉ በላይ የገረመኝ ነገር ታወሰኝ። የሰውነት ሰዓትን የሚያጠኑ ላቦራቶሪዎች ለእንስሶቻቸው መብራት 12 ሰዓት ያበራሉ፤ 12 ሰዓት ያጠፋሉ። ሰዓት ሲቆጥሩ ታዲያ ከእኩለ ሌሊት አይጀምሩም። መብራቱ የበራበት ቅጽበት ዜሮ ነው፤ ስድስት ሰዓት የቀኑ እኩሌታ ነው፤ 12 ሰዓት ላይ ይጨልማል። ይህ የእኛው ቆጠራ ነው! ሳይንሱ በግሪንዊች ሰዓት መሥራት አላመቸውም፤ ሕይወት የሚቆጥረው ከንጋት ስለሆነ ከንጋት ጀመረ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ስለምትርቅ በዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀን የሚለያዩት ከአንድ ሰዓት እምብዛም በማይበልጥ ጊዜ ነው፤ ፀሐይዋም ዓመቱን ሙሉ በ12 ሰዓትና በ1 ሰዓት መካከል ትወጣለች። መርካቶ ውስጥ «ሁለት ሰዓት ላይ እንገናኝ» የሚል ደላላ ሳያውቀው የሚናገረው በባዮሎጂ ሰዓት ነው።

ከበረንዳው ወደ ውስጥ

ረፋድ ላይ ወደ ሸማ ተራ፣ ከዚያም ጠጠር መጣያ ወደሌላቸው መተላለፊያዎች ዘለቅሁ። መርካቶ ተራ በተራ ናት፤ ሳጥን ተራ፣ ቦምብ ተራ፣ ዱባይ ተራ፣ አሮጌው ሁሉ አዲስ የሚሆንበት ምናለሽ ተራ። ምናለሽ ተራ የመዶሻውን ድምፅ ስሰማ ውዬ ባድር አይሰለቸኝም፤ የዘይት በርሜል ምድጃ ሲሆን፣ ጎማ ጫማ ሲሆን ማየት ትምህርት ነው። ከዚያ ሁሉ ተራ ውስጥ ግን ለዓይን ሰዓት የሚለየው አንድ ነገር ነው፤ በረንዳ ላይ መሆንና ውስጥ መሆን።

ደጅ ላይ፣ ጠራራ ፀሐይ ውስጥ፣ የብርሃኑ መጠን 100,000 ሉክስ ይደርሳል። የሐምሌ ደመና በተጫነበት ቀን እንኳ ከ1,000 እስከ 10,000 ሉክስ አይጠፋም። በአንድ አምፖል የሚሠራ የውስጥ ሱቅ ግን 100 ወይም 200 ሉክስ ካገኘ ጥሩ ነው። ዓይናችን ራሱን ከብርሃኑ መጠን ጋር እያላመደ ልዩነቱን ስለሚደብቅብን ሁለቱም «ብርሃን» ይመስሉናል፤ የሚደምሩት ሴሎች ግን አይታለሉም። ጫማ የሚያስውበው ሊስትሮ፣ ዕቃውን አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ጀብሎ፣ ጋሪ የሚገፋው ልጅ ቀኑን ሙሉ ሲመገቡት የሚውሉትን ብርሃን፣ ከሦስት መተላለፊያ በኋላ ጨርቅ ተከምሮበት የተቀመጠው ባለሱቅ አንድ መቶኛውንም አያገኝም። በገንዘብ የበለጠው በብርሃን ድኻ ነው።

ነጭና ቢጫ

የመብራት ዕቃ የሚሸጡበት መተላለፊያ ስደርስ ቀኑ መሸ እንጂ መብራቱ ገና ነጋ። አምፖል በየዓይነቱ፣ ፓውዛ፣ የሚለዋወጥ ቀለም ያለው ገመድ ሁሉ በርቷል። አንድ ወጣት ነጋዴ የትኛው እንደሚሸጥለት ጠየቅሁት።

«ነጩ ነዋ ጋሼ። ዕቃ ያደምቃል፣ ቤት ያሰፋል። ቢጫውን የሚወስዱት ሆቴሎች ናቸው።»

ካርቶኖቹን አገላበጥኩ። ነጩ ላይ 6500፣ ቢጫው ላይ 3000 ኬልቪን ይላል። ሜላኖፕሲን ይበልጥ የሚነቃው በ480 ናኖሜትር አካባቢ ባለ ብርሃን ነው፤ ጥርት ያለ የመስከረም ሰማይ ሰማያዊ ማለት ነው። ነጭ ኤልኢዲ ደግሞ በመሠረቱ ሰማያዊ ብርሃን የሚያመነጭ ቺፕ ሆኖ ቢጫ ሽፋን የተደረገበት ነው፤ ሰማያዊውን ኤልኢዲ የፈጠሩት ሦስት ጃፓን ወለድ ሳይንቲስቶች በ2014 እ.ኤ.አ. የፊዚክስ ኖቤል አግኝተዋል። 6500 የተጻፈበት አምፖል ከሰማያዊው ብዙ ይዟል፤ 3000 የተጻፈበት ጥቂት። ጠዋት ራጉኤል በር ላይ ያየኋት ጧፍ ወይም የአያቶቻችን ኩራዝና ፋኖስ ከቢጫውም ያነሰ ሰማያዊ አላቸው፤ ስለዚህ ለብዙ ዘመን ሰው በማታ ሲያበራ ሰዓቱን አያናጋውም ነበር። አሁን ግን ማታ 3 ሰዓት ላይ በነጭ አምፖል ሥር ሒሳብ የሚዘጋ ባለሱቅ ለአንጎሉ «ገና ቀን ነው» እያለው ነው። ሜላቶኒኑ ይዘገያል፤ እንቅልፉም እንዲሁ፤ ጠዋት ግን ሱቁ አይጠብቀውም።

ይህን ለወጣቱ በአጭሩ ነገርኩት። ሳቀና «ታዲያ ለደንበኛ ምን ልበለው?» አለኝ። «ለሱቅህ ነጩን ውሰድ፣ ለመኝታህ ቢጫውን በለው። ሁለት ትሸጣለህ» አልኩት። ነገሩ ጣመው።

ሌሊት ሠራተኞች

ምሽት 4 ሰዓት ካለፈ በኋላ እህል በረንዳ ሌላ ሕይወት ይጀምራል። ከባድ መኪኖች ከክፍለ ሀገር ገብተው ይቆማሉ፤ ተሸካሚዎች በፓውዛ ሥር ኩንታል ይቀባበላሉ። ጉልበታቸውን አይቶ የማይደነቅ የለም። ከእነርሱ አንዱ ቀን መተኛት እንደሚያቅተው አጫወተኝ። «ድካሙ አለ፤ እንቅልፉ ግን ይሸሻል» አለኝ። ሥራ ጨርሶ ወደ ቤቱ ሲሄድ የሚቀበለው የማለዳ ፀሐይ ስለሆነ፣ ሰውነቱ ሊተኛ ሲል በዓይኑ ውስጥ ያለው የብርሃን ሚዛን «ነግቷል» ብሎ ይጮኽበታል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2007፣ ኋላም በ2019 እ.ኤ.አ. የሌሊት ፈረቃ ሥራን ካንሰር ሊያመጡ ይችላሉ ተብለው ከሚገመቱት ነገሮች ጎራ መድቦታል። ለዚህ ሰው ሰፊ ባርኔጣ፣ ጨለማ ክፍልና በተቻለ መጠን የማይለዋወጥ የመኝታ ሰዓት መድኃኒት ባይሆኑም እፎይታ ናቸው።

መርካቶን ዞሬ የደረስኩበት ፍርድ ይህ ነው፤ ገበያዋ ሕያው የሆነው ከንጋት ጋር ስለምትነሣ ነው፤ የሚጎዳት ደግሞ ቀኑን በጨለማ፣ ማታውን በነጭ መብራት ማሳለፏ ነው። በዘርፉ ያሉ ሳይንቲስቶች በ2022 እ.ኤ.አ. ተስማምተው ያወጡት ምክር ሦስት ቁጥር ብቻ ነው። በሜላኖፕሲን ሚዛን ተሰልቶ ዓይን ላይ የሚደርሰው ብርሃን ቀን ከ250 ሉክስ እንዳያንስ፣ ከመኝታ በፊት ባሉት ሦስት ሰዓታት ከ10 እንዳይበልጥ፣ በእንቅልፍ ጊዜ ከ1 እንዳይበልጥ። ቀኑን ለመሙላት ኤሌክትሪክ አያስፈልግም፤ በረንዳ ይበቃል። በሰሜኑ ዓለም ክረምት ሲመጣ ሰዎች ይህን ብርሃን በመብራት ሣጥን ገዝተው ፊታቸው ላይ ያበራሉ፤ እኛ ዓመቱን ሙሉ በደጃችን በነፃ አለን።

ስለዚህ አንባቢዬ፣ ሱቅህ ውስጥ ከሆነ ወይም ቢሮህ ጨለማ ከሆነ፣ ጠዋት ሻይህን ደጅ ወጥተህ ጠጣ፤ ግማሽ ሰዓት ቢሆን መልካም ነው፤ ፀሐይዋን ግን አትኩረህ አትያት። ማታ ቤትህን በቢጫ አምፖል አብራ፤ ስልክህንም ከትራስህ አርቅ። የወላጆችህን ዓይን ሞራ ከጋረደው ሐኪም ዘንድ ለመውሰድ አታመንታ። መርካቶንም ማየት ከፈለግህ በ10 ሰዓት ሌሊት ና፤ አውቶቡስ ተራ ላይ ሻይ አለ።